«እስማማለሁ» ከማለታችን በፊት

(በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአንድ የቅዳሜ ከሰዓት የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ይሰማል? ይሰማል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለእኛ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግማሻችሁ ከሥራ ነው የመጣችሁት፤ ግማሻችሁ ደግሞ ከዚህ ወደ ሥራ ነው የምትሄዱት። ሰርጉ አለ፣ ለቅሶው አለ፣ የልጆች ኳስ አለ። ያን ሁሉ ትታችሁ ስለ ጥናት ለመስማት ስለተቀመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። «እኛን ያመጣን ቡናው ነው» የሚል ካለም አልቀየምም። (ሳቅ)

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የምሠራው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በምርምር ክፍል ነው። ተመራማሪዎች ሰው እንዴት እንደሚወስን ለማወቅ ጥያቄ ያዘጋጃሉ፤ እኔ ደግሞ ጥያቄውን የሚመልስ ሰው እፈልጋለሁ። ድሮ ሰው መኪና ፈልጎ፣ ፓርኪንግ ከፍሎ ቢሮ ድረስ ይመጣ ነበር። ዛሬ አብዛኛው በኢንተርኔት ሆኗል። ሊንክ ይላካል፣ ሰው በስልኩ ከፍቶ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይመልሳል፣ አለቀ።

ዛሬ ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ይህ የውሳኔ ጥናት የሚባለው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ የእኛ ሰው ለምን ይግባበት? ሦስተኛ፣ ሲገባ ዓይኑን ገልጦ እንዴት ይግባ፣ ካልፈለገስ እንዴት ይውጣ? ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እዚህ ያደጉት ልጆቻችን እንዳይምታታባቸው ብዬ ነው።

በጥያቄ ልጀምር። አንድ ሰው መጥቶ «3,000 ዶላር አሁኑኑ ልስጥህ፣ ወይስ ዕጣ ታወጣለህ? ዕጣው ከቀናህ 4,000 ነው፤ ካልቀናህ ባዶ እጅህን ትሄዳለህ። የመቅናት ዕድልህ ከአሥር ስምንት ነው» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? 3,000ውን እወስዳለሁ የምትሉ እስቲ እጅ አውጡ። አያችሁ? አዳራሹ ሞላ። ዕጣ የምትሉስ? እዚያ ጥግ ያላችሁ... እናንተ የብሔራዊ ሎተሪ ልጆች ናችሁ። (ሳቅ)

አሁን ልገልብጠው። ዕዳ አለባችሁ እንበል። ወይ 3,000 ዶላር ቁርጥ አድርጋችሁ ትከፍላላችሁ፣ ወይ ዕጣ ታወጣላችሁ። ዕጣው ከአሥር ስምንት ጊዜ 4,000 ያስከፍላችኋል፤ ሁለት ጊዜ ግን በነጻ ያሰናብታችኋል። ዕጣ የምትሉ? ተመልከቱ እንግዲህ! ያው ሰው፣ ያው እጅ፣ ያው ቁጥር። ቅድም «ዕጣ አልነካም» ያላችሁት አሁን ዕጣ ካልወጣ ትላላችሁ።

ጥያቄው የእኔ አይደለም። ዳንኤል ካህነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ የሚባሉ ሁለት እስራኤላውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1979 ባሳተሙት ጥናት ውስጥ ያለ ነው። ገንዘቡ የእስራኤል ፓውንድ ነበር፤ 3,000 ፓውንድ ያኔ የአንድ መካከለኛ ቤተሰብ የወር ገቢ ያህል ነው፣ ቀልድ አይደለም። 95 ሰው ጠየቁ። ትርፉ ላይ ከመቶ 80 እጁ እርግጠኛውን ገንዘብ መረጠ። ወደ ኪሳራ ሲገለበጥ ከመቶ 92 እጁ ዕጣውን መረጠ። ለማግኘት ሲሆን የሚጠነቀቀው ሰው ላለማጣት ሲሆን ይዳፈራል። ካህነማን በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ ትቨርስኪ በ1996 ስላረፈ አልደረሰበትም።

ይህን የምነግራችሁ ለምንድን ነው? ደም አልተቀዳም። መርፌ የለም። ማሽን ውስጥ የገባ ሰው የለም። ጥያቄ ቀረበ፣ 95 ሰው «እሺ፣ እመልሳለሁ» አለ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ኢንሹራንስ የሚሸጠውም፣ የጡረታ ገንዘብ የሚያስቀምጠውም፣ የመንግሥት ፖሊሲ የሚያወጣውም በዚያ መልስ ላይ ተመሥርቶ ብዙ ነገር ቀይሯል።

እዚህ ላይ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ላውራ። የእኛን ሰው በስልክ ደውዬ ለጥናት ስጋብዝ ከሁሉ በፊት የምሰማው ጥያቄ ምን መሰላችሁ? «ትክክለኛው መልስ የትኛው ነው?» አንድ እናት ጨርሰው ሲያበቁ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ስንት አገኘሁ?» አሉኝ። «እማማ፣ ፈተና እኮ አይደለም» አልኳቸው። «እሺ፣ ግን ወደቅሁ?» (ሳቅ) ሌላ አባት ደግሞ አሉ፤ እንግሊዝኛው ስለከበዳቸው ስልኩን ለልጃቸው ሰጡት፣ ልጁ በአራት ደቂቃ ሞልቶ መለሰላቸው። የ68 ዓመት አባት ብለን የመዘገብነው የ19 ዓመት ልጅ አስተሳሰብ ነው ማለት ነው።

እባካችሁ፣ ትክክለኛ መልስ የሚባል የለም። የሚፈለገው የእናንተ መልስ ነው። ቋንቋው ከከበዳችሁ ልጃችሁ ያንብብላችሁ፤ አይምረጥላችሁ። ያንን ማድረግ ካልተቻለ ደግሞ ተዉት፤ ያልተሞላ መጠይቅ በሌላ ሰው ከተሞላ መጠይቅ ይሻላል።

ደግሞ መሐል ላይ «ይህን እያነበቡ ከሆነ 'በጣም አልስማማም' የሚለውን ይምረጡ» የሚል ነገር ይመጣባችኋል። ጥያቄውን ሳያነብ የሚጫን ሰው አለና እሱን ለመለየት ነው። አንድ ወንድማችን ይህን ሲያይ በጣም ተቆጣ፤ «እኔን ሊፈትኑኝ ነው?» ብሎ ሆን ብሎ ሌላውን ተጫነ። መልሱ በሙሉ ከጥናቱ ወጣ። ክብሩን ጠበቀ፣ ልፋቱ ግን ቀረ። አትቆጡ፤ ለሁሉም ሰው የሚቀርብ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ለምን እንግባ?

በ2010 ጆሴፍ ሄንሪክ፣ ስቲቨን ሃይን እና አራ ኖሬንዛያን የሚባሉ በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን አንድ ጽሑፍ አወጡ። የታወቁት የሥነ ልቦና መጽሔቶች የሚያጠኑት ማንን ነው ብለው ጠየቁ። መልሱ ምን ነበር? ከመቶ 96 እጅ የሚሆኑት ተሳታፊዎች በምዕራቡ ዓለም በኢንዱስትሪ ከበለጸጉ አገሮች የተገኙ ናቸው። የእነዚያ አገሮች ሕዝብ ደግሞ ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 12 እጅ ብቻ ነው! ከእነሱም ብዙዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። መጽሔቱ ግን ሲጽፍ «አሜሪካዊ የኮሌጅ ተማሪ እንዲህ ይወስናል» አይልም። «ሰው እንዲህ ይወስናል» ነው የሚለው። ሰው! እኔና እናንተ ያለንበት ይመስል።

ልዩነት የለም እንዳትሉ። አንድ ጨዋታ አለ። ለአንድ ሰው ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ከማያውቀው ሰው ጋር እንዲካፈል ይታዘዛል። ያኛው ከተቀበለ ሁለቱም ድርሻቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ «አልቀበልም» ካለ ሁለቱም ባዶ። ሄንሪክና ባልደረቦቹ ይህን ጨዋታ ወደ 15 ትንንሽ ማኅበረሰቦች ወሰዱት። በፔሩ የማቺጌንጋ ሰዎች በአማካይ ከመቶ 26 ያህሉን ነው ያቀረቡት። በኢንዶኔዢያ ላማሌራ የሚኖሩት፣ በኅብረት ዓሣ ነባሪ እያደኑ የሚካፈሉት ሰዎች ደግሞ ከግማሽ በላይ አቀረቡ፤ ከመቶ 58 እጅ። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ያሉት አው እና ግናው የሚባሉት ግን ሁሉንም አስገረሙ። ከግማሽ በላይ ሲሰጣቸው «አንፈልግም» አሉ! ለምን? እዚያ ትልቅ ስጦታ መቀበል ባለዕዳ ያደርጋል። ውለታ ነው፤ ሰጪው በፈለገው ቀን መጥቶ ይጠይቃችኋል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህ እንግዳ የሚሆንበት ሰው አለ? ለልጃችሁ ሰርግ ማን ስንት እንዳመጣ የተጻፈበት ደብተር እቤት ያላችሁ? አትሳቁ፣ እኔም ቤት አለ። የእኛ ሰው ይህን ጨዋታ ቢጫወት ምን ያደርጋል? ይሉኝታው፣ ውለታው፣ «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ነገር በየት በኩል ይወጣል? እኔ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የምናውቀው ስለ ራሳችን ያወራነውን ነው፤ የተቆጠረው በጣም ትንሽ ነው።

የእናቴን ነገር ልንገራችሁ። አንድ ቀን ሥራዬ ምን እንደሆነ ላሳያት ብዬ አንድ የተለመደ ጥያቄ ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ዛሬ 100 ዶላር ትወስጃለሽ፣ ወይስ ከዓመት በኋላ 150?» እሷ ምን አለች? «ሰጪው ማነው?» አለችኝ። «ማንም ይሁን፣ ጥናት ነው።» «ማንም ከሆነማ ዛሬ ይስጠኝ። ሰውየውን ካወቅሁት ግን እጠብቃለሁ።» ይህች ሴት ዕቁብ ላይ ዕጣ ሲደርሳት ለተቸገረ ሰው ለቃ የመጨረሻው ወር ድረስ የምትጠብቅ ናት! መጠይቁን ብትሞላ ኖሮ «ትዕግሥት የሌላት» ተብላ ትመዘገብ ነበር። እሷ ግን የመዘነችው ጊዜውን አልነበረም፤ ሰውየውን ነበር።

ይህንን ሳይንሱም ደርሶበታል። በ2013 የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 28 ሕፃናት ላይ አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ለግማሾቹ መጀመሪያ ቃል የገቡላቸውን አመጡላቸው፤ ለግማሾቹ ቃል ገብተው አላመጡም። ከዚያ ከረሜላ ፊታቸው አስቀምጠው «ሳትበሉ ከጠበቃችሁ ሁለተኛ እንጨምራለን» አሏቸው። ቃል የተጠበቀላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ጠበቁ። የተዋሹት? 3 ደቂቃ። እናቴ ይህን ጽሑፍ አላነበበችም።

አንድ ልጨምር። በ2016 ኤም አይ ቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ሞራል ማሽን» የሚባል ድረ ገጽ ተከፈተ። ያለ ሹፌር የሚሄድ መኪና ፍሬኑ ቢበጠስ ማንን ያድን? ሽማግሌውን ወይስ ሕፃኑን? ተሳፋሪውን ወይስ እግረኛውን? ሰዎች እየገቡ መረጡ፤ በ2018 ውጤቱ ሲታተም ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ ውሳኔ ተሰብስቦ ነበር፣ ከ233 አገሮችና ግዛቶች። ወጣቱን የማዳን ዝንባሌ በብዙ የምሥራቅ አገሮች ደከም ብሎ ተገኘ፤ ሽማግሌ የሚከበርበት ቦታ ነዋ። ድረ ገጹ በአሥር ቋንቋ ነበር የቀረበው። አማርኛ አልነበረበትም። ከገቡትም ብዙዎቹ ወጣት፣ የተማሩ ወንዶች ነበሩ። የእናንተ እናት ለዚያ ጥያቄ ምን ትል ነበር? ማንም አልጠየቃትም።

እሺ፣ ሦስተኛው። ቅድም ቡና ስንጠጣ አንድ አባት «እኛን የሙከራ አይጥ ሊያደርጉን ነው እንዴ?» ብለውኝ ነበር። ልክ ናቸው። ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም።

በዚህች አገር፣ በአላባማ፣ ተስኪጊ በሚባል ቦታ ከ1932 ጀምሮ ምን ሆነ? የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ቂጥኝ ያለባቸውን 399 ጥቁር ወንዶች «እናክማችኋለን» እያለ ሳያክም በሽታው ምን እንደሚያደርጋቸው ይመለከት ነበር። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን መድኃኒቱ መሆኑ ታውቆ እንኳ ከለከሏቸው። እስከ 1972! 40 ዓመት! ጋዜጠኞች ባያወጡት ኖሮ ይቀጥል ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በ1997 ነው። «የምን ጥናት» ብሎ በሩን የሚዘጋ ጥቁር አሜሪካዊ ጎረቤት ካላችሁ፣ ይህንን አያቱ ነግረውታል።

የውሳኔ ጥናትም ንጹሕ አይደለም። በ1961 በዬል ዩኒቨርሲቲ ስታንሊ ሚልግራም ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ፤ ስለ ማስታወስ ችሎታ ጥናት ነው፣ ለአንድ ሰዓት 4 ዶላር፣ ከዚያ 50 ሳንቲም ለመጓጓዣ ይላል። የመጡት ሰዎች ሌላውን ሰው በኤሌክትሪክ እንዲነዝሩ ታዘዙ። ንዝረቱ የውሸት ነበር፣ እነሱ ግን አያውቁም። ከመጀመሪያዎቹ 40 ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው እርከን፣ እስከ 450 ቮልት ሄዱ። ሲያልባቸው፣ ሲንቀጠቀጡ፣ «ቀጥል» ሲባሉ ቀጠሉ። ስለ ሰው ልጅ ትልቅ ነገር ተማርን፤ ያ ተሳታፊ ግን ስለ ራሱ ያንን ማወቅ እንደሚፈልግ ማን ጠየቀው?

በኢንተርኔትስ? አሌክሳንደር ኮጋን የሚባል የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ምሁር በፌስቡክ ላይ «ጠባይህን እወቅ» ዓይነት መጠይቅ አዘጋጀ። ወደ 270,000 ሰው ሞላው። መጠይቁ ግን የሞላውን ሰው ብቻ አልነበረም የሚወስደው፤ የጓደኞቹንም መረጃ ጠረገ። ፌስቡክ በ2018 እንዳመነው እስከ 87 ሚሊዮን ሰው ተነክቷል። መረጃው ለምርጫ ቅስቀሳ ለሚሠራ ኩባንያ፣ ለካምብሪጅ አናሊቲካ ደረሰ። እዚህ ላይ አስቡ፤ 270,000ዎቹ «እስማማለሁ» ብለው ነበር። የቀሩትን ሚሊዮኖች ማን ጠየቃቸው?

እንግዲህ ከተስኪጊ በኋላ፣ በ1974 ሕግ ወጣ። ዛሬ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ ሰውን የሚመለከት ጥናት ከመጀመሩ በፊት በአብዛኛው የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድ ያየዋል። ያ ቦርድ የእናንተ ጠበቃ ነው። ስሙና ስልኩ የት ይገኛል? ሁላችሁም ሳታነቡ በምታልፉት ገጽ ላይ! በመጀመሪያው ገጽ፣ በስምምነቱ ገጽ። ጣታችን ተጣድፎ ወደ ታች ወርዶ «እስማማለሁ» የሚለውን የሚጫንበት ገጽ። ኮንዶሚኒየም ስትዋዋሉ ሦስት ሽማግሌ ይዛችሁ የምትሄዱ ሰዎች፣ እዚህ ሲሆን ግን እንደ ማስታወቂያ ታልፉታላችሁ።

ምን ትፈልጋላችሁ በዚያ ገጽ ላይ? ጥናቱን የሚሠራው ማነው፤ የዩኒቨርሲቲው ስምና የተመራማሪው ስም አለ? ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መረጃዬ የት ይቀመጣል፣ ለማን ይሰጣል? ቅር ቢለኝ ለማን ልደውል? ከሁሉም በላይ ደግሞ «በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ» የሚለው ቃል አለ? ያ ቃል ከሌለ ገጹን ዝጉት። ቃሉ ካለ ደግሞ ተጠቀሙበት። መሐል ላይ የሚያስጨንቅ ጥያቄ መጣ? ዝለሉት፣ አሊያም ዝጉት። የእኛ ሰው ጀምሮ ማቋረጥ ነውር ይመስለዋል። «ልጅቷን አሳፍራታለሁ» ይላል። ማንንም አታሳፍሩም! እኔ ራሴ የምመለምለው ነኝ የምላችሁ፤ ዘግታችሁ ስትወጡ አልቀየምም።

አንድ ነገር ደግሞ ለዩ። «ስም አይመዘገብም» ሌላ ነው፣ «ስምዎ በምስጢር ይያዛል» ሌላ ነው። ስም ካልተመዘገበ ነገ ተጸጽታችሁ «መልሴን አጥፉልኝ» ብትሉ የትኛው የእናንተ እንደሆነ አይታወቅም፤ አይጠፋም። በምስጢር የተያዘ ከሆነ ደግሞ ሊጠፋ ይችላል፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ስማችሁ አለ። የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ያልጨረሰ ሰው ይህን ልዩነት ማወቅ አለበት። ኤን አይ ኤች፣ የአገሪቱ የጤና ምርምር ተቋም፣ ገንዘብ የሚሰጣቸውና የሰው ምስጢር የሚይዙ ጥናቶች ከ2017 ወዲህ የምስጢር ጥበቃ ማረጋገጫ አላቸው፤ ተመራማሪው ፍርድ ቤት እንኳ ቢጠይቀው ያለ እናንተ ፈቃድ ማንነታችሁን አሳልፎ እንዳይሰጥ የሚከለክል ነው። ይህ ማረጋገጫ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መብት ነው።

ስለ ገንዘብ አጠር ላድርግ። ለአምስት ዶላር የስጦታ ካርድ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የባንክ የይለፍ ቃል፣ የፓስፖርት ፎቶ የሚጠይቅ ሊንክ ሌባ ነው። «ለመሳተፍ ቅድሚያ ይክፈሉ» የሚልም ሌባ ነው። አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻችሁም በቴሌግራም ይህንን አስተላልፉላቸው፤ እዚያም በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ አዋጅ ቁጥር 1321፤ ሊንክ የሚልክ ሰው ግን ሁሌ አዋጅ አያነብም።

የአክስቴ ልጅ የሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል፤ ዲሲ ውስጥ። መኪና ሳይመጣ ሲቀር ስልኩ ላይ ጥናት ይሞላል። ጥሩ ነው፣ ከእንቅልፍ ይሻላል። በኋላ ግን ሥራ አደረገው። የ20 ደቂቃውን በ5 ደቂቃ መጨረስ ጀመረ። ጊዜው እንደሚመዘገብ አላወቀም፤ መልሶቹ ተጣሉ፣ ክፍያውም ቀረ። ቢከፈለውስ ስንት ነው? ፕሮሊፊክ የሚባለው፣ ሰው እየተከፈለው ጥናት የሚሞላበት የኢንተርኔት መድረክ ተመራማሪዎች በሰዓት ቢያንስ 8 ዶላር እንዲከፍሉ ያዛል፤ ሌሎች ቦታዎች ከዚያም ያንሳል። እዚህ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ17 ዶላር በላይ ነው። ሒሳቡን ለእናንተ ተውኩት። ለኪስ ብላችሁ አትግቡ፤ ከገባችሁም ረጋ ብላችሁ፣ አንብባችሁ፣ የራሳችሁን መልስ ስጡ።

በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ የስምምነት ገጽ ናሙና በአማርኛ ተርጉሜ አስቀምጫለሁ። ሊንክ የለበትም፣ ፊርማም አይጠየቅበትም፤ ማንንም ዛሬ አልመዘግብም። ወደ ቤት ውሰዱት፣ ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡት፣ ያልገባችሁን ቦታ አስምሩበት። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ይዛችሁት ኑ፤ ያሰመራችሁበትን ቦታ እንነጋገርበታለን፣ እኔም ለቦርዱ አደርሰዋለሁ። አሁን ማይኩን ወደ እናንተ ልመልሰው። ከኋላ እንጀምር፤ እርስዎ አባቴ፣ ቅድም ስለ አይጥ የጠየቁኝ... አዎ፣ ይቀጥሉ።